የአንድ ሳምንት የጀልባ ዕረፍት በጣና ሐይቅ፤ ከመርካቶ ተነሥቶ ወደ መርካቶ በጤና ለመመለስ

ሥራ ያደከመውን ሰውነት ዕረፍት እንደሚያድሰው ሁሉም ያውቃል። በተለይም ከጧት እስከ ማታ በጭስ፣ በአቧራና በጩኸት መካከል የሚውለው የአዲስ ከተማ ነዋሪ፣ እንዲሁም ዓመቱን ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ሲተነፍስ የሚከርመው መምህር፣ ቢቻለው በዓመት አንድ ሳምንት ከከተማ ወጥቶ ንጹሕ አየር ቢቀበል ለጤናው ታላቅ ጥቅም ያገኝበታል።

ከመርካቶ አካባቢ ትምህርት ቤቶች የመጡ ጥቂት መምህራን በቅርቡ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ብቅ ብለው፣ «በጣና ሐይቅ ላይ አንድ ሳምንት በጀልባ ልናሳልፍ አስበናል፤ ምን ብንይዝ ይሻላል?» ሲሉ ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው የብዙዎች መሆኑን ስለ ተረዳን፣ የዚህን ወር ትምህርት ለዚሁ ጉዳይ አውለነዋል።

የነገሩ ሁሉ ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም ጀልባ ግቢ የሌለው ቤት መሆኑ ነው። በመኖሪያችን የመጠጥ ውሃው በአንድ ወገን፣ መጸዳጃው በሌላ ወገን፣ ማድቤቱም ከመኝታው ተለይቶ ይገኛል። ግቢያችን ጠባብ፣ መጸዳጃውም የጋራ ቢሆን እንኳ በመካከላቸው ጥቂት ርቀት አለ። ከብዙ በሽታ የሚጠብቀንም ይኸው ርቀት ነው። በጀልባ ላይ ግን ምድጃው፣ መኝታው፣ የውሃ ዕቃውና መጸዳጃው በጥቂት ክንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ የምንቀዳበት ውሃና ቆሻሻ የምንጥልበት ውሃም አንድ ይሆናል። ስለዚህ የጉዞ ዝግጅት ማለት ስንቅ መቋጠር ብቻ አይደለም። ግቢው ይሰጠን የነበረውን ርቀት በሥርዓት ተክቶ መሄድ ነው።

1ኛ. ስለ ሐይቁና ስለ ወቅቱ

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው። የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ በነፋስ ፈጥኖ ይናወጣል። ጧት እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ የታየው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ማዕበል ሊያስነሣ ይችላል።

መምህራን ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት ነው። ሆኖም ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ነጎድጓዱ የሚበረታበት ጊዜ ስለ ሆነ ለጀልባ ጉዞ አይስማማም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ለዐይን እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን የወባ ትንኝ የሚበዛበት ወቅትም ይኸው ነው። ከሁሉ የሚሻለው በዓመቱ አጋማሽ በጥር ማለቂያ ወይም በየካቲት መጀመሪያ የሚገኘው የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። በዚያን ጊዜ ዝናቡ አቁሟል፤ የወባውም ብዛት ይቀንሳል። ይቀንሳል ማለት ግን ይጠፋል ማለት አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የጸጥታ መደፍረስ ስለ ደረሰ፣ ማናቸውም መንገደኛ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመንገዱንና የሐይቁን ዳርቻ ሁኔታ በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች ማጣራት ይገባዋል። ጉዞው ባይመች ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ እንደ ሽንፈት አይቈጠርም።

ከዚህ በታች የሚሰጠው ምክር ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ጫሞ ለሚሄዱም ያገለግላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በበረሃማው ሸለቆ ውስጥ የሠራውን ሐይቅ ማየት የሚሹም ይጠቀሙበታል። በቆላ ግን ሙቀቱ ስለሚበረታ የመጠጥ ውሃውን መጠን መጨመር ያስፈልጋል።

2ኛ. ከመርካቶ ስለሚሰናዳው ዕቃ

የመርካቶ ሰው ለዚህ ዝግጅት ዕድለኛ ነው፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ በእግሩ እየዞረ ማግኘት ይችላል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ. ክዳናቸው በሚገባ የሚዘጋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች። በምናለሽ ተራና በአካባቢው የሚሸጡት ያገለገሉ ጀሪካኖች ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሆኖም ቀድሞ ምን እንደ ያዙ ለማወቅ ያስቸግራል። የምግብ ዘይት የያዘው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠራል። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ አሲድ ወይም ነዳጅ የያዘው ግን መቶ ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ ዕቃ አዲስ ቢሆን ይመረጣል።

ለ. ለእያንዳንዱ መኝታ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ ማሰሪያ ገመዱም ጭምር።

ሐ. የጀልባውን ነጂና ረዳቱን ጨምሮ በሰው ቍጥር ልክ የመንሳፈፊያ ጃኬት፤ ለልጆች በልካቸው የተሠራ። ጀልባው አለው ቢባልም ከመነሣት በፊት ቈጥሮ ማየት ይገባል።

መ. ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች፣ አንድ ከረጢት ሰጋቱራ ወይም ዐመድ፣ አካፋ፣ ሳሙና፣ እንዲሁም ለመጋረጃ የሚሆን ሸራ።

ሠ. የማይበላሽ ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ቋንጣ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ስኳርና ጨው። ወጥ ሠርቶ በጀልባ ሙቀት ውስጥ ለሁለት ቀን ማቆየት ተቅማጥን መጋበዝ ነው። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ሠርቶ በትኩሱ መጨረስ ይሻላል። ከሐይቁ የሚገኘውን ዓሣ በተያዘበት ቀን፣ እስከ ውስጡ አብስሎ መብላት እንጂ በጥሬው መቅመስ አይገባም።

ረ. የመድኃኒት ሳጥን፦ የሙቀት መለኪያ፣ የቍስል ማጽጃና ፋሻ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ በተቅማጥ ጊዜ የሚጠጣው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ እያንዳንዱ መንገደኛ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደው መድኃኒት። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ያለቀ እንደ ሆነ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ጨውን ማብዛት ግን ለሕፃናት አደገኛ ነው።

3ኛ. ስለ መጠጥ ውሃ

ውሃ በሒሳብ እንጂ በግምት አይያዝም። ስምንት መንገደኞች ከነጂውና ከረዳቱ ጋር ዐሥር ይሆናሉ። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ቢታሰብ፣ በቀን 40 ሊትር፣ በሰባት ቀን 280 ሊትር ያስፈልጋል። ይህም 14 ጀሪካን ነው፤ ክብደቱም 280 ኪሎ፣ ማለትም የአራት ጐልማሳ ሰዎች ክብደት ያህል ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጫን ጀልባውን ያጐድለዋል። ስለዚህ ለሦስት ቀን የሚበቃ 6 ጀሪካን ይዞ ተነሥቶ፣ የቀረውን በየመንገዱ እያጣሩ መተካት የተሻለ ነው።

የሐይቁ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ሳይዘጋጅ አይጠጣም። በመጀመሪያ ከዳርቻው ርቆ ከመካከል ይቀዳል፤ ቀጥሎም በተደራረበ ንጹሕ ነጠላ ይጣራል፤ ከዚያ በኋላ ይፈላል። አገራችን ከፍተኛ ስለ ሆነ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተንተክትኮ ማውረድ አይበቃም፤ ሦስት ደቂቃ ያህል እየተንተከተከ ይቆይ። ማፍላት ያልተቻለ እንደ ሆነ እንደ ውሃ አጋር ያለውን የክሎሪን መድኃኒት በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። የመጠጡ ጀሪካን ምልክት ይደረግበት፤ ሌላ ነገር አይቀዳበት፤ ኩባያም አይጠለቅበት።

4ኛ. ስለ እዳሪ

ብዙዎች ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር ስለሚያፍሩ ሳይነጋገሩ ይነሣሉ፤ በኋላም እያንዳንዱ በጨለማ በጀልባው ጠርዝ ላይ ለመቀመጥ ይገደዳል። ይህ ሰውን ለመስጠም፣ ሐይቁን ለመበከል ያበቃል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። በጀልባው የኋላ ጥግ በሸራ መጋረጃ ተከልሎ አንዱ ባልዲ ይቀመጥ። በየጊዜው ሰጋቱራ ወይም ዐመድ ይነስነስበት፤ ክዳኑም ይገጠም። ወደ ወደብ ሲደረስ ባልዲው ከውሃው ቢያንስ 50 እርምጃ ርቆ፣ ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበርና ይታጠብ። እጣቢውም እዚያው ይፍሰስ። ሁለተኛው ባልዲ ለእጅ መታጠቢያ ነው፤ ሳሙናውም ከአጠገቡ ታስሮ ይንጠልጠል።

መጋረጃው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የሚሰወሩበት ስፍራ የሌላቸው ሴቶች ሽንት እንዳይመጣባቸው ብለው ውሃ መጠጣት ይተዋሉ፤ በፀሐይ ላይ ይህን ማድረግ ደግሞ ራስን ያዞራል፤ ኵላሊትንና የሽንት ቧንቧን ይጐዳል። መጋረጃ ያለው ጀልባ ሁሉም እንደ ልቡ የሚጠጣበት ጀልባ ነው።

በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች ይህንኑ ውሃ እንደሚጠጡም አንዘንጋ። እኛ ለሰባት ቀን እንግዶች ነን፤ እነርሱ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቁ ይቀዳሉ።

5ኛ. ስለ እሳትና ስለ ጭስ

የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውን በእንቅልፍ እንደሚገድል የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ከከሰልም ሆነ ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛም አየር ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከደማችን ጋር ከንጹሕ አየር ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ይታፈናል።

«ጀልባ ክፍት ነው፤ በዚያ ላይ ነፋስ አለ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ አገር፣ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ በበረሃ ገደሎች መካከል የተሠራ ፓወል የሚባል ሐይቅ አለ፤ ቤተሰቦች ቤት በተሠራበት ጀልባ አንድ ሳምንት የሚያሳልፉበት የታወቀ የዕረፍት ስፍራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በዚያ ሐይቅ ላይ ሁለት ወንድማማች ልጆች በጀልባው ኋላ ሲዋኙ ሞቱ። በጊዜው የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፣ የመብራት ሞተሩ ጭስ በጀልባው የኋላ መድረክ ሥር ይከማች ነበር። ሰማዩ ክፍት፣ ሐይቁም ሰፊ ቢሆንም፣ ልጆቹ የተነፈሱት ከመድረኩ ሥር የታሰረውን አየር ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የሚከተለው ነው። ሞተር እየሠራ ማንም በጀልባው ኋላ አይዋኝ፤ አይቀመጥም። ቡና ለማፍላትም ሆነ ብርድ ለመከላከል የከሰል ምድጃ በሸራ ወደ ተከለለው መኝታ አይግባ። ምግብ በየብስ ላይ ወይም በክፍቱ የጀልባ ፊት ይሠራ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማውን ሰው «ውሃው አዙሮት ነው» ብሎ ማስተኛት አይገባም። የዚህ መርዝ ምልክትም ይኸው ነውና፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እሳቱን አርቆ፣ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ይቀድማል። ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ግን ነገሩን ከውሃው መናወጥ ይልቅ በጭሱ መጠርጠር ያሻል።

6ኛ. ስለ ቢልሃርዝያ

ይህ በሽታ በጣና ዳርቻ አለ። ትሉ እንቁላሉን ከታመመ ሰው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይልካል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው በትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም እጩ ወጥቶ ሰው ወደ ውሃው ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። እጩ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ ነው፤ የሚበዛበትም ስፍራ ሣርና ቄጠማ ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው ስለዚህ በሽታ በውጭ አገር ትምህርት ቤት ተምሮ፣ እጩን በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ፈተናውንም አልፎ የመጣ ነው። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወዳጆቼ ጋር በጣና ላይ ስጓዝ፣ ጀልባችን ዳርቻው ድረስ መቅረብ ስላልቻለ፣ ሌሎቹ ሰሌን መሰላል እስኪመጣ ሲጠብቁ እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ በቄጠማው መካከል እስከ ጕልበቴ እየገባሁ ወጣሁ። ሰዓቱ ልክ ስድስት ሰዓት ቀን ነበር። ውሃው ለብ ያለና ደስ የሚያሰኝ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በሰገራዬ ውስጥ የትሉ እንቁላል ተገኘ። ያወቅሁት ነገር እግሬን አልሸፈነልኝም። ከዚያ ወዲህ ጓዝ ሳሰናዳ ረጅሙን የጎማ ቦት ጫማ ከሁሉ አስቀድሜ አስገባለሁ።

ስለዚህ መሳፈርና መውረድ በመርከብ ማቆሚያው ወይም በሳንቃ ላይ ይሁን። በዳርቻው መዋኘት፣ ልብስ ማጠብና እግር መንከር ይቅር። ለገላ መታጠቢያ የሚሆነው ውሃ ይሙቅ፤ ወይም ተቀድቶ፣ ተከድኖ፣ ሁለት ቀን ይቆይ፤ እጩ ከዚያ በላይ አይኖርም። በፎጣ መታሸት የሚታመን መከላከያ አይደለም።

በዚህ ረገድ አገራችን ለዓለም ያበረከተችው ዕውቀት አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አስረዱ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል መንገደኛ በየወደቡ ይረጨው ዘንድ አይገባም።

7ኛ. ስለ ወባ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ወባ አይራባባትም። ይህ በረከት ለመንገደኛው አደጋ ይሆንበታል፤ በልጅነቱ ወባ ያልያዘው ሰው በሽታውን የሚቋቋምበት ኀይል በደሙ ውስጥ የለውምና። የጣና ዳርቻ ግን ከ2,000 ሜትር በታች ስለ ሆነ ወባ አለበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደ ያዘና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ከሞቱት ብዙዎቹ በሽታውን ቀድሞ ያልለመዱ ሰዎች ነበሩ።

የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና ካልሲ መልበስ፣ አጎበሩን ዘርግቶ ጫፉን ከፍራሹ ሥር መወተፍ፣ ልጆችን በጊዜ ማስተኛት ያሻል። ከጉዞው በፊትም ሐኪም ጠይቆ የመከላከያ ኪኒን መውሰድ ይጠቅማል። ኪኒኑ ከመነሣት በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ ሐኪሙ እስከ ወሰነው ቀን የሚቀጥል ነው። እርጉዝ ሴቶችና ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ሐኪም ሳያማክሩ ባይነሡ መልካም ነው።

8ኛ. ስለ መስጠም

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል የምንሰማው ስለ ወንዝ ቢሆንም፣ ለሐይቅም ይሠራል። የመንሳፈፊያ ጃኬት የሚታሰረው ጀልባው ከመሬት ሳይለቅ ነው፤ ማዕበል ከተነሣ በኋላ መፈለግ ከንቱ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ በስም የተለየ አንድ ጠባቂ ይመደብ፤ ሁሉም ይጠብቀዋል የተባለ ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ነውና። ነጂው መጠጥ አይቅመስ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች ስላሉ ለመቅረብ መድፈር አይገባም።

ሰው የወደቀ እንደ ሆነ ዋና የማያውቅ ዘሎ አይከተለው። ገመድ፣ መቅዘፊያ፣ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይወርወርለት፤ ባዶው ጀሪካን ሰውን ያንሳፍፋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ከመንገደኞቹ አንዱ ይህን ተምሮ ቢሄድ ዋጋው ከብዙ ስንቅ ይበልጣል።

9ኛ. የሰባቱ ቀን ዕቅድ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መንገዱ የዓባይን ጥልቅ ሸለቆ ወርዶ የሚወጣ ረጅም ጉዞ ስለ ሆነ፣ የአውቶቡሱ ቀን ከሰባቱ ቀን ውጭ ይቈጠር። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው በዚያው ቀን በጀልባ አይሳፈር፤ አድሮ፣ ጠግቦ ተኝቶ ይነሣ።

በመጀመሪያው ቀን ዕቃው ይጫናል፤ ጃኬቱ ይቈጠራል፤ ከዚያም ወደ ዘጌ አጭር ጉዞ ይደረጋል። ሁለተኛው ቀን በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ በእግር መጓዝና ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ደቅ ደሴት ጉዞ ይሆናል፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ እዚያ ይገኛል። አራተኛው ቀን ዕረፍት ነው። ወንዶቹ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሊሻገሩ ይችላሉ፤ ገዳሙ ሴቶችን ስለማያስገባ ሴቶቹ በናርጋ ይቆያሉ። ይህንንም አስቀድሞ መነጋገር ቅሬታን ያስቀራል። በአምስተኛው ቀን ወደ ጎርጎራ መጓዝ፣ ደብረ ሲናን ማየትና የጐደለውን ውሃ መሙላት ነው። በስድስተኛው ቀን ወደ ደቅ ተመልሶ ማደር፣ በሰባተኛው ቀን ባሕር ዳር መግባት ነው።

የየዕለቱ ሥርዓት አንድ ዐይነት ይሁን። ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መነሣት፤ ከስድስት ሰዓት በፊት ወደብ መያዝ፤ ከቀትር በኋላ በሐይቁ መካከል አለመገኘት፤ ሳይጨልም እራት በልቶ አጎበር መዘርጋት። ነጂው «ዛሬ ነፋስ አለ፤ እንቆይ» ያለ እንደ ሆነ ቃሉ ይከበር። ለዚህም ሲባል በዕቅዱ ላይ አንድ መጠባበቂያ ቀን መጨመር ብልህነት ነው። ማክሰኞ ክፍል መግባት ያለበት መምህር ሰኞ ማታ በማዕበል ውስጥ እንዲነሣ የሚያስገድደው የቀን ጥበት ነው።

10ኛ. ከተመለሱ በኋላ

አብሮኝ ከተጓዙት መምህራን አንዱ ከተመለስን በዐሥራ አንደኛው ቀን ትኵሳት ያዘው። ጕንፋን መስሎት ሁለት ቀን ክፍል ገብቶ አስተማረ። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ኪኒን ተሰጠው፤ ወዴት ሄዶ እንደ ነበር የጠየቀው አልነበረም፤ እርሱም አልተናገረም። በአራተኛው ቀን ባለቤቱ ንግግሩ እንደ ተዘበራረቀ አይታ ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። በደሙ ውስጥ ወባ ተገኘ። በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ትጋት ተረፈ። በኋላ ስንጠይቀው የመከላከያ ኪኒኑን ባሕር ዳር ከአውቶቡሱ እንደ ተሳፈረ ማቆሙን ነገረን፤ ጉዞው ያለቀ መስሎት ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ መንገደኛ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ። አንደኛው ኪኒኑ የሚያልቅበት ቀን ነው። ሁለተኛው ከተመለሱ ሁለት ወር በኋላ የሚውል የሰገራ ምርመራ ቀን ነው፤ ሐይቁ የነካው ሰው ሁሉ ባያመውም ይመርመር። ቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይድናል። የወባ ትኵሳት የሚጀምረው ትንኟ ከነደፈች ከሰባት ቀን በኋላ ነው፤ አንዱ ዐይነትም ወራት ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ውስጥ ትኵሳት የተሰማው ሰው በዚያው ቀን ሄዶ፣ ሐኪሙ ባይጠይቀው እንኳ፣ «ጣና ነበርሁ፤ ደሜ ይመርመር» ይበል።

ጉዞው የሚያልቀው ጀልባው ሲታሰር ወይም አውቶቡሱ መርካቶ ሲደርስ አይደለም። በደብተሩ ላይ የተጻፈው ሁለተኛው ቀን በሰላም ሲያልፍ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው የአባቶቻችን ቃል እንዲህ ባለው ጊዜ ይፈጸማል።

ለመምህራን፤ በክፍል ውስጥ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ጀልባ ግቢ የሌለው ቤት ነው ሲባል ምን ማለት ነው? ተማሪዎች በየቤታቸው የውሃው ዕቃ ከመጸዳጃው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ለክተው ይምጡ።
2. ዐሥራ ሁለት ሰዎች ለአምስት ቀን ቢጓዙ፣ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ታስቦ፣ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋቸዋል? ክብደቱስ ስንት ኪሎ ይሆናል?
3. የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት በጀልባ ላይ ከምን ጋር ሊምታታ ይችላል? በቤታችንስ በየትኛው ወቅት እንጠንቀቀው?
4. ከቢልሃርዝያ ትል ጕዞ ውስጥ ሰው ሊበጥሰው የሚችለው በየትኛው ስፍራ ነው? ሁለት ስፍራ አሳዩ።
5. የአዲስ አበባ ሰው ከባሕር ዳር ሰው ይልቅ ወባን አብልጦ መፍራት የሚገባው ስለ ምንድን ነው?